ራውተሩና የወይዘሮ ዘርትሁን ዳሌ

ትናንት ከምሳ በኋላ ደምመላሽ ወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ሸለብ አደረገውና ሕልም አየ። ባያይ ነበር የሚገርመው። የወረዳው ሆስፒታል የኔትወርክ ባለሙያ ነው፤ የወይዘሮ ዘርትሁን የተሰበረ ዳሌ የራጅ ምስል ዋና ከተማ ላለው ሐኪም አልደርስ ካለ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ምስሉ የሚላከው እየተቆራረጠ ነው፤ ቁራሾቹ ግን ለመስመሩ ትንሽ ስለሚገዝፉ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ምስሉን ወደ መስመሩ በሚያወጣው መሣሪያ፣ በራውተሩ ላይ፣ የቁራሹን ልክ ከ1460 ባይት ወደ 1360 ዝቅ ማድረግ ይበቃ ነበር። አንድ መስመር ትእዛዝ! ሥራ አስኪያጁ አቶ ገብረየስ ግን «መቀነስን ኮሚቴ ነው የሚወስነው» ብለው የደምመላሽን ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

በሕልሙ ራውተሩ ከረባት አስሮ የአቶ ገብረየስ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ደምመላሽ ደግሞ ጆሮው ላይ ገመድ ተሰክቶበት ግንባሩ ብልጭ ድርግም ይላል። ወዲያው የሆስፒታሉ ግቢ በር ላይ ተገኘ። ሰዎች ጆንያ ተሸክመው አህዮች ከኋላ ይነዷቸዋል። የራጅ ምስሏ እያነከሰች መጣች።

«ስንት ነሽ?» አላት ዘበኛው።

«አንድ ሺህ አራት መቶ ስድሳ።»

«አታልፊም። እዚሁ ጥፊ።»

«እሺ፣ ለላከኝ ሰው እንኳ ንገሩልኝ!»

«መንገር ክልክል ነው።»

በዚህ መሀል አንዲት ጫጩት በበሩ ሥር ሹልክ ብላ ወጥታ ተመለሰች። ከራውተሩ ጋር በሩ አጠገብ የተቀመጠው ኮሚቴ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። «ይኸው! መስመሩ ይሠራል!»

«ጫጩት ስላለፈች በሬ ያልፋል እንዴ?» ብሎ ደምመላሽ ጮኸ። የሰማው የለም።

አንዲት አህያ ብቻ ወደ ኮሚቴው ጠጋ አለች። «በር ከጠበበ ጭነት ይከፈላል። ይህን የማያውቅ አህያ የለም» አለች።

«ዲግሪሽን አምጪ» አላት ራውተሩ።

አህያዋ ዲግሪ አልነበራትም። ደምመላሽ በሩን በእጁ ሊፈለቅቅ ዘሎ ሲነሣ ገመዱ ከጆሮው ተነቀለና ነቃ።

አቶ ገብረየስ ፊቱ ቆመው ይስቃሉ። «አንተ ተኛ፤ እኛ ችግሩን ፈታነው!»

«ቁጥሩ ተቀነሰ፣ ጋሼ?»

«ምን በወጣን! ወደ ታች ወረድን ብዬ ለበላይ አካል ሪፖርት ላደርግ? ሴትዮዋን ራሷን ወደ ዋና ከተማ በሚሄደው አውቶቡስ ላይ አስጫንናት። ምስሉንም በእጇ አስያዝናት፤ ሙሉውን፣ አንድ ሳይቀነስ።»

ደምመላሽ ወደ መስኮቱ ሮጠ። አውቶቡሱ ከግቢው ወጥቶ ጠጠሩ መንገድ ላይ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲመታ የወይዘሮ ዘርትሁን ጩኸት እስከ ቢሮው ድረስ ተሰማ።