ወጪ አንድ፣ ገቢ የለም

ወዳጄ፣ እኔ መቁጠር ልማዴ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ እንኳ የጣሪያውን ማገር እቆጥራለሁ። ምን ላድርግ? መቱ የገባሁት አንድ ከረጢት ጨው ይዤ ነው፤ ሱቅ የከፈትኩት በመቁጠር ነው። ታዲያ በጃንሆይ ጊዜ መንግሥት «ሕዝቡ ለኑሮው ምን ያህል ያወጣል?» ብሎ ጠያቂ ሲልክ፣ ቤት ለቤት የሚያዞረው ማን ይሁን? እኔ ነኛ!

የመጣው አቶ ዘሪሁን የሚባል ክራቫት ያሰረ ወጣት ነው። ሰዉ ግብር ሊጨመርብን ነው ብሎ በሩን ዘጋብን። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ብቻ በደስታ ተቀበሉን። አንድያ ልጃቸው ደበበ በጭነት መኪና ወደ ጋምቤላ ከወረደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። መንግሥት እሱን ሊፈልግላቸው የመጣ መስሏቸው ነበር፤ ይህን ግን ያኔ እኔም አላወቅሁም።

«የቤቱ ወጪ ስንት ነው?» አላቸው ዘሪሁን።

«አንድ።»

«ገቢስ?»

«እስካሁን የለም» ብለው በሩን በሩን አዩ።

ዘሪሁን ጻፈ፤ ደጅ ስንወጣ ግን ቆም አለ። «ጋሼ፣ ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተዋል፤ ጓሯቸው ጎደሬ ሞልቶታል። በወር አንድ ብር ብቻ ያወጣሉ?»

ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ሳቄ ጠፋ። «ብሩን አይደለም የነገሩህ። ከቤት የወጣው ደበበ ነው። የገባ የለም።»

«በኦሮምኛ ብንጠይቃቸውስ?»

«ያው ነው! ገሊ ብትላቸው ገቢም ነው፣ ወደ ቤት መመለስም ነው።»

ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ከሱቄ ደጃፍ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። እያጉረመረመ በከፈተልን በሌላውም ቤት የተነገረን ጨውና ላምባ ብቻ ነበር፤ የጓሮው ጎደሬ፣ ከዘመድ ቀፎ የመጣው ማር በወጪ አልተቆጠረም። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የጥያቄው ነው። እንዲለወጥ እጽፋለሁ» አለ። በሆዴ ሳቅሁበት። አዲስ አበባ ታትሞ የመጣን ወረቀት ማን ይለውጣል?

ክረምቱ ሲወጣ ዘሪሁን ተመለሰ። ወረቀቱ ሌላ ነው! ወጪና ገቢ የሚሉት ቃላት የሉም። «ትናንት ምን ተበላ? ከየት መጣ? እነማን በሉ?» ይላል። ሶር ፏፏቴ ሥር የቆምኩ ይመስል አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የመቱ እናት አንዲት ቃል ተናግራ የመንግሥት ወረቀት ሲታረም! ፊደሉን በጣቴ ነካሁት፤ እውነት መሆኑን ላረጋግጥ።

እትዬ አስካለ ዘንድ ስንደርስ ጥያቄ አልጠበቁም። «ገሌራ! ገሌራ!» እያሉ ወጡ፤ ተመልሷል ማለታቸው ነው። «መጀመሪያ ያችን ያኔ የጻፍካትን አስተካክልልኝ፣ ልጄ! ገቢ፣ አንድ!»

ከኋላቸው ደበበ፣ ከስቶና ጠቁሮ፣ ጎደሬውን በማር እያጠቀሰ ይጎርሳል።

ዘሪሁን ዓይኑን ጠራረገ። «እትዬ፣ ይኼኛው ወረቀት ገቢ አይጠይቅም።»

«ታዲያ ምን ይጠይቃል?»

«ትናንት ምን ተበላ ነው የሚለው።»

እትዬ አስካለ ዞረው ልጃቸውን አዩ፤ ባዶ ሊሆን የደረሰውን የማር ማሰሮም አዩ።

«ያልተበላውን ብትጠይቀኝ ይቀልህ ነበር» አሉት። «ወጪው እንደሆነ ገና አሁን ጀመረ!»