ነብሯ አማት የላትም

የዱር ድመት ዘር ሁሉ፣ አንበሳ በሉት ነብር፣ አቦ ሸማኔ በሉት አነር፣ አንድ የሚያስቀናኝ ነገር አለው፤ እንቅልፉን በወጉ ይተኛል። እኔ በር እያለኝ፣ በሩም ቁልፍ እያለው፣ ልጄ ስትተኛ ትንፋሿን ጎንበስ ብዬ አዳምጣለሁ። ትንፋሿን ስሰማ ደግሞ ለምን ፈጠነ ብዬ እጨነቃለሁ። ነብር ግን ግልገሎቿን ቁጥቋጦ ሥር ትታ፣ ቅርንጫፍ ላይ አራት እግሯን አንጠልጥላ ታንቀላፋለች። ታዲያ ከሁለታችን ዱር ያደግነው ማናችን ነን?

ስለ ነብር አውቃለሁ ብል ጉራ አይሁንብኝ። መርሳ ውስጥ፣ ሌላው ቢቀር እኛ ሰፈር፣ ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ካለ ይምጣና እንከራከር። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ ቴሌቪዥን ነው። ባለቤቴ ሰይድ ባጃጁን ይዞ ሲወጣ፣ ልጄ ሐያት ጭኔ ላይ ሆና ጡቴን፣ እኔ ደግሞ በየቀኑ በቴሌቪዥኑ የምትታየውን ነብር ይዘን እንቀመጣለን። ተናጋሪው የሚያወራው በአረብኛ ነው። አረብኛ አልሰማም። ባልሰማስ? ነብሯስ መች ትሰማለች? እሷ ለማደን አስተርጓሚ ካልፈለገች፣ እኔ ለማየት ምን አስፈለገኝ?

እንዲህ በሰላም ስንኖር ሐያት ሁለት ዓመት ሞላት። ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው ደግሞ አማት ይመጣል። እኛ ዘንድ ጡት የሚጣለው እንዲህ ነው፤ አያት ትመጣና ልጁን አዝላ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። እዚያ ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይቆያል። እናት በዚያ በኩል ዝር አትልም። ለምን ቢባል፣ ልጁ ካያት መጥባት እንደገና ይጀምራል፤ ከጀመረ ደግሞ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

የሰይድ እናት፣ እማ ዘሀራ፣ አንድ ዘንቢል ብርቱካን ይዘው ከሚኖሩበት ከግራና መጡ። ማዘያም ይዘዋል። ሲመለሱ ዘንቢላቸው ባዶ፣ ጀርባቸው ሙሉ እንዲሆን አስበው ነው። ገና ውሃ ሳይጠጡ፣ ልጅቷ ሁለት ዓመት ሞልቷታል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይበቃታል፤ ነገ ይዣት እሄዳለሁ አሉኝ።

ግራና ሩቅ አይደለም። ሩቁ የኔ ሐሳብ ነው። ሐሳቤ የሚሄዱበትን ሚኒባስ መንገድ ላይ ገለበጠው፤ ሐያትን ከተገለበጠው አውጥቶ ግራና አስገባትና አገዳ አስበልቶ አነቃት፤ ታንቃ ስትድን በሬ አስረገጣት። ይህ ሁሉ የሆነው እማ ዘሀራ ኩባያውን ተቀብለው አፋቸው ጋ ሳያደርሱት ነው።

አማትን እምቢ የሚል አፍ አልተፈጠረልኝም። ስለዚህ ነብሯን ጠበቃ አቆምኩ። እማ፣ አንቱ ያውቃሉ፣ ግን ነብር እንኳ ግልገሏን ለማንም አትሰጥም፤ በአፏ አንጠልጥላ ከዋሻ ዋሻ ታዞራለች እንጂ አደራ አትሰጥም አልኳቸው። እሳቸውም ነብሯ አማት የላትም፣ ብትኖራት ትሰጥ ነበር አሉና ውሃቸውን ጠጡ።

እንዲያውም በዓይንዎ ይዩ ብዬ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩላቸው። ነገር የተበላሸው ይሄኔ ነው። ተናጋሪው ሰውዬ በአረብኛ ሲጀምር ሻሻቸውን አስተካክለው፣ የዘረጉትን እግር ሰብስበው ተቀመጡ። አረብኛ ተጋድሞ አይደመጥም አሉ። ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ረዘም ያለ ነገር ሲናገር አሚን አሉ። በዚያችው ቅጽበት ነብሯ ሚዳቋዋን አንገቷን ያዘቻት። እማ፣ ምን ብሎ ነው አሚን ያሉት ብላቸው፣ እኔ ምን አውቄ፣ ድምፁ ዱዓ ይመስላል፤ ደግሞስ ለልጆቿ ብላ አይደል የምታድነው፣ አሚን ቢባልላት ምን ይጎድልብሻል አሉኝ።

ከዚያ ግልገሉ ሊጠባ መጣ። ነብሯ ጥርሷን ገልጣ አጉረመረመችበት፤ ደግሞ ሲመለስ በመዳፏ ጥፊ አቀመሰችው። እማ ዘሀራ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ሱብሐነላህ፣ አየሽ፣ እያስጣለችው እኮ ነው፤ ይቺ ናት የወለደች፣ እንዳንቺ አታባብልም አሉ። ያቆምኩት ጠበቃ ለከሳሽ ሲመሰክር ቆሜ አየሁ። ግን ቶሎ ነቃሁ። እንግዲያው እማ፣ እሷ እዚያው ቤቷ ካስጣለች እኔም እዚሁ ቤቴ ላስጥላ አልኳቸው። አሰቡበት። እሺ፣ እስከ ጁምዓ እቆያለሁ፤ ጁምዓ ጡት ላይ ካገኘኋት ግን አዝዬ እሄዳለሁ፤ ባዶ ጀርባዬን ግራና አልገባም አሉ።

በማግስቱ በነብሯ መንገድ ጀመርኩ። ሐያት ቀሚሴን ስትጎትት ጥርሴን ገልጬ አጉረመረምኩባት። ትንሽ አየችኝ። ቀጥሎ እሷም ጥርሷን ገልጣ አጉረመረመችብኝ፤ ከት ብላ ሳቀችና ጠባች። እሬት ቀባሁ። ቀመሰችው፣ ፊቷን አጨማደደች፣ በሻርፔ ጫፍ ጠረገችውና ቀጠለች። ንጽሕና ያስተማርኳት እኔው ነኝ፣ ማንን ልውቀስ?

በመጨረሻ ያዳኑኝ ራሳቸው እማ ዘሀራ ናቸው። ነብሯ በምትታይበት ሰዓት ሐያትን ጉልበታቸው መሐል አስቀምጠው፣ ብርቱካን እየላጡ ያጎርሷት ጀመር። ነብሯ ብቅ ስትል አንድ ጉርሻ፣ ስታድን ሌላ ጉርሻ። እኔን ግን ከቤት አስወጡኝ። ካየችሽ ትጀምራለች፣ ወዲያ ሂጂ አሉኝ። እኔም ጓሮ ሆኜ ልብስ አጥባለሁ፤ እየተነሳሁ በመስኮት አጮልቃለሁ። ልጄ አለቀሰች ወይ? ግልገሉስ በላ ወይ? አንዷን ጭንቀቴን ሁለት አደረጉልኝ። ወላሂ፣ ከሁለቱ በየትኛው ይበልጥ እንደተጨነቅኩ ብትጠይቁኝ መልሱን አልጽፈውም።

ጁምዓ ደረሰ። ሐያት ጠዋት ተነስታ ወደኔ መጣች። አየችኝና አጉረመረመችብኝ፤ ከዚያ ብርቱካን ፍለጋ ወደ አያቷ ሮጠች። ጡት ጣለች። ለሩብ ሰዓት ያህል የወረዳችን የሐብሩ ንግሥት ነበርኩ። ልጄ ቤቷ ቀረች፣ ሚኒባሱም ሳይገለበጥ ቀረ።

ምሳ ላዘጋጅ ጓዳ ገብቼ ስመለስ፣ እማ ዘሀራ መሐል ቤት ጎንበስ ብለው ሰይድን አሳዝለኝ እያሉት ነው። ደነገጥኩ። ሐያትን ፈለግኳት፤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ የብርቱካን ልጣጭ ትደረድራለች። ታዲያ ማዘያው ውስጥ ያለው ማን ነው? ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁት። ቴሌቪዥኑ የነበረበት ቦታ ላይ ምስማር ብቻ ቀርቷል።

የኔው ቴሌቪዥን መብራት ሲዋዥቅ ተቃጥሏል፤ ዲሹ ግን ደህና ነው አሉ እማ ዘሀራ፣ ቀና ብለው ማዘያውን እያጠበቁ። ደግሞስ ባዶ ጀርባዬን አልገባም ብዬሽ አልነበር? ልጅቷ ጥላለች፣ ማሻአላህ፤ ያልጣልሽው አንቺ ነሽ። ሰይድን አየሁት። እሱ የባጃጁን ቁልፍ ያያል።

ይኸው ቴሌቪዥኑ ከሄደ ቆየ። በግራናው ሚኒባስ ሹፌር በኩል ወሬ ይደርሰኛል፤ ግልገሉ አደገ፣ ነብሯም ሌላ ልትወልድ ነው፣ እማ ዘሀራም ቁጭ ብለው አሚን ይላሉ። ባለፈው አላስችል ቢለኝ፣ ቴሌቪዥኑ መቼ ይመጣል፣ ካልሆነስ ለገበያ ቀን ብቅ ብዬ ትንሽ አይቼ ልመለስ ወይ ብዬ ላክሁባቸው። ሹፌሩ ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ መልሱን ነገረኝ።

ለጊዜው አትምጣ ብለዋል፤ ካየችው ትጀምራለች።