የጉባኤውን ውሳኔ ያላከበረው ወፍጮ

መሃይም ሰው አያስፈራም፤ አለማወቁን ስለሚያውቅ ይጠይቃል። የተማረም አያስፈራም፤ ያነበበውን ይጠራጠራል። የሚያስፈራው ብቻውን መጽሐፍ ያነበበ ሰው ነው! ይህን የምለው ስለ ራሴ ስለሆነ ማንም ቅር አይበለው።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ቦታው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ፣ ወደ ጎሮ መውረጃ፣ ሰፈሩና የጤፍ ማሳው ገና ድንበር ያልተለያዩበት። እኔ ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ፣ በተዋስኩት መጽሐፍና ገጹ በተገነጣጠለ መዝገበ ቃላት እየተደናበርኩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁ። "ደርሻለሁ" የምለው እኔ ነኝ፤ ሌላ የመሰከረልኝ የለም። ማትሪክ በግል ለመፈተን ግን የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ማኅተም ይፈልጋል። ማኅተሙ ደግሞ ከሊቀ መንበሩ ከጓድ ታምራት ኪስ አይወጣም። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል... ጭንቀቴ ገባችሁ አይደል?

ጓድ ታምራት "ሳይንሳዊ" የምትባል ቃል ይወዱ ነበር። የስኳር ሰልፉ ሳይንሳዊ ነው፣ የሌሊት ጥበቃው የሮንዱ ተራ ሳይንሳዊ ነው፤ ስኳሩ የጠፋበትም ሳይንሳዊ ምክንያት ነበረው። ደብዳቤዬን ስለምናቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ ፊዚክስ አውቃለሁ ትያለሽ አሉ፣ እንግዲያው ለሴቶች ማኅበር የመጣውን ወፍጮ በሳይንሳዊ ዘዴ አውርጂልንና ደብዳቤሽን ውሰጂ አሉኝ።

ወፍጮው አምስት ኩንታል ብረት ነው። ክረምቱ መንገዱን አጨቅይቶት ስለነበር የጭነት መኪናው ዳገቱ አናት ላይ አራግፎት ሄዷል። ወፍጮ ቤቱ ግርጌው ላይ ነው፤ ጭቃው ተመርጎ፣ ኖራው ተቀብቶ፣ በሩ ወለል ብሎ ይጠብቃል። ከፍታውን ብለካው ልክ አምስት ሜትር!

መጽሐፌን ከፈትኩ። ከላይ የተቀመጠ ነገር ባይንቀሳቀስም በከፍታው ምክንያት ጉልበት አለው ይላል። ይህንንስ ጓድ ታምራትን እያየን ያለ መጽሐፍም እናውቀው ነበር። ቁልቁል ሲንሸራተት ከፍታው ይቀንሳል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ጉልበቱ ግን መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። ሁለት ጊዜ አሥር፣ አሥሩ የመሬት ስበት ነው፣ ጊዜ የከፍታው አምስት፣ መቶ። የመቶ ስኩዌር ሩት አሥር። ወፍጮው ግርጌ ሲደርስ በሰከንድ አሥር ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። እንዲያው ደስ ብሎኝ የምሆነውን አጣሁ!

አንድ ችግር ብቻ ነበር። መጽሐፉ "ሰበቃ የሌለው ቁልቁለት" ይላል፤ ማለትም የማይሻክር፣ የሚንሸራተተውን ይዞ የማያዘገይ። ሌላ ሰው ቢሆን የእኛ ዳገት ይሻክራልና ስሌቱ አይሠራም ብሎ ይተወው ነበር። እኔ ግን ዳገቱን ከመጽሐፉ ጋር ላስማማ ተነሳሁ። ከላይ እስከ ታች የተላገ ጣውላ አስነጠፍኩ። ከየሥጋ ቤቱ ሞራ አስለመንኩና አስቀባሁት። ዝንብ ብታርፍበት ታች ነበር የምትነሳው።

እሑድ ጉባኤው ተጠራና ስሌቴን በጥቁር ሰሌዳ አስረዳሁ። ጓድ ታምራት ሰሌዳውን ገላመጡት።

"አምስቱ ኩንታል የት ገባ?"

"ከሁለቱም ወገን ይሰረዛል፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ክብደቱ ፍጥነቱን አይለውጠውም።"

"የሕዝብ ንብረት ማን ፈቅዶልሽ ነው የምትሰርዢው?"

ክብደቱ በቃለ ጉባኤ ላይ ብቻ እንዲሰፍር ተስማማን። ከዚያ ጋሽ ሰይድ እጃቸውን አወጡ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ።

"እሺ አስኩ ልጄ፣ ግርጌው ደረሰ። ከዚያስ?"

"ከዚያማ ጥያቄው አልቋል፣ ጋሽ ሰይድ።"

"ከኋላው ገመድ ብናስርበትና ቀስ እያልን ብንለቀውስ?"

"ገመድ ካሰርንበት ስሌቱ ይበላሻል።"

ጋሽ ሰይድ ተቀመጡ። ጓድ ታምራት ግን ተነሱ። አሥር ሜትር ለአዲስ ግድግዳ በዝቷል፣ የአድኃሪ ችኮላ ነው፣ ስለዚህ አምስት ይሁን የሚል እጁን ያውጣ አሉ። አዳራሹ በሙሉ እጁን አወጣ። እኔስ? አንባቢዬ፣ አትጠይቁኝ... ደብዳቤው ነበራ! አወጣሁ።

በሙሉ ድምፅ፣ በሰከንድ አምስት ሜትር።

ከአዳራሹ ወጥተን ዳገቱ አናት ላይ ተሰበሰብንና ወፍጮው ተገፋ። መጀመሪያ እንደ ሙሽራ ዝግ አለ። ቀጥሎ እንደ መንግሥት መኪና ሆነ። መጽሐፉ ጥያቄውን ግርጌው ላይ ይጨርሳል፤ ወፍጮው ግን አልጨረሰም። በበሩ ገባ፣ በጀርባ ግድግዳው ወጣ፤ ከወዲያ በተተከለው የማኅበሩ ጎመን ውስጥ ሄዶ ቆመ። ለሕዝብ የሰጠው የመጀመሪያ አገልግሎት ጎመን መፍጨት ሆነ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን።

በማግስቱ ሂስና ግለ ሂስ ተባለ። ጓድ ታምራት ቃለ ጉባኤውን አነበቡ፦ ጉባኤው አምስት ወስኖ ሳለ ወፍጮው ከውሳኔው ውጪ ሄዷል፤ ተጠያቂው ማነው?

"ወፍጮው ነዋ፤ ስብሰባው ላይ አልተገኘም" አሉ ጋሽ ሰይድ። ሰው ሁሉ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ።

ስብሰባው ሲበተን ጓድ ታምራት ለብቻዬ ጠሩኝ። ጉዳዩ ለበላዩ ለከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሪፖርት መደረግ አለበት። አሥር ከተባለ ሊቀ መንበሩ ሳይንስን በድምፅ ብልጫ ሽረዋል ሊባል ነው። ስለዚህ ስሌቱ መጀመሪያውኑ አምስት ነበር ብዬ መፈረም አለብኝ። ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማኅተሙ በእጃቸው ነው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ካልፈረምኩ ትምህርቴ ቀረ። ከፈረምኩ ደግሞ ከአምስት ሜትር ከፍታ አምስት ፍጥነት... ያን ሁሉ ኩራዝ ያቃጠልኩበትን ሕግ እንዴት ልካደው? ላቤን ጠርጌ እርሳስ ለመንኳቸው። ስሌቱን ከጅራቱ ጀመርኩት። አምስት ጊዜ አምስት፣ ሃያ አምስት፤ ለሃያ ሲካፈል አንድ ከሩብ።

"ጓድ ሊቀ መንበር" አልኳቸው፣ "ፍጥነቱ አምስት ይሁን። የዳገቱን ከፍታ ግን አንድ ሜትር ከሩብ ብለን እንጻፈው። ያኔ ሳይንሱም አይነካም፣ ጉባኤውም አይነካም።"

"ዳገቱስ?"

"ዳገቱ ምን አፍ አለው?"

ማኅተሙን ሲመቱት ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ደብዳቤዬን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ፤ ሄጄም ተመዘገብኩ። ሪፖርቱም ወደ በላይ ሄደ።

ወር ሳይሞላ ከበላይ መልስ መጣ። ቀበሌያችን በከፍተኛው ካርታ ላይ አምስት ሜትር የነበረውን ዳገት በነዋሪው ጉልበት ወደ አንድ ሜትር ከሩብ ዝቅ በማድረጉ የምስጋና ወረቀት ተላከለት። ጓድ ታምራት ሕዝቡ ሁሉ እንዲያነበው ብለው ዳገቱ አናት ላይ ሰሌዳ አስተክለው ለጠፉት... እኛም ልናነበው አምስቱንም ሜትር እያለከለክን ወጣን።