ስክሪኑን የጋረደው ሰውዬ

[ከትልቁ አዳራሽ ጎን ያለች አነስተኛ ክፍል። ግድግዳው ላይ ሰፊ ስክሪን፣ ከወንበሮቹ በስተጀርባ በሩ አጠገብ ቁም ሳጥን፣ ወለሉ ላይ የተዘባረቀ ኬብል። ዛሬ ከሰዓት በትልቁ አዳራሽ ምረቃ አለ፤ ቦታ ያጣ እንግዳ እዚህ ሆኖ በስክሪን ሊያይ ነው። የኔትወርኩን ሥራ የያዘው ሊቁ የአዳራሹን ባለቤት ልጅ ሊያገባ ይፈልጋል። የሚያግዘው ቀስታ ደግሞ የልጅቷ ወንድም ነው።]

ቀስታ፦ እና ምን አጠፋሁ? ለዚህኛውም ለትልቁ አዳራሽ ስክሪንም አንድ ቁጥር ሰጠኋቸው።

ሊቁ፦ እሱ ነው ጥፋቱ! አድራሻ እኮ ነው! ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ካለው እንግዳው የቱን በር ያንኳኳል?

ቀስታ፦ ከአንድ ካርቶን ነው የወጡት። ለአንዱ አስር፣ ለአንዱ አስራ አንድ ብዬ ማበላለጥ ደስ አላለኝም።

ሊቁ፦ ዕቃ ነው እኮ ሰውዬ! እንደ እንጀራ ልጅ ይከፋዋል እንዴ? ይሄስ? የዚህ ኬብል ሁለቱም ጫፍ እዚችው ማከፋፈያ ሳጥን ላይ ምን ይሠራል?

ቀስታ፦ አንደኛው ጫፍ ሥራ ፈቶ ተንጠልጥሎ ነበር። ሰው ጠልፎ እንዳይጥል ብዬ ሰካሁት።

ሊቁ፦ መረጃው ከዚህ ወጥቶ እዚሁ ይገባል እኮ! ሲዞር ሲዞር መስመሩን ያጨናንቀዋል! [መንጭቆ ይነቅለዋል።] አባትህ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «ምስሉ ከታየ ስለ ልጄ እናወራለን፤ ካልታየ ደጄን እንዳትረግጥ።» ትዳሬ በኬብል ተንጠልጥሏል፣ አንተ ትቀልዳለህ!

ቀስታ፦ እህቴማ ባይታይም እወደዋለሁ ብላለች።

ሊቁ፦ እውነት? ብላለች? እስቲ ድገመው! [ፊቱ ይበራል፤ ከዚያ ኮስተር ይላል።] ይሁን፣ ወደ ሥራችን። ካሜራውን ያልኩህ ቦታ አስቀመጥከው?

ቀስታ፦ ከፍ ያለ፣ አቧራ የሌለው፣ ሰው የማይነካው ቦታ። ትልቁ አዳራሽማ እየተጠረገ ስለሆነ አቧራው...

ሊቁ፦ በቃ፣ በቃ! አንተ አንድ ነገር ከጀመርክ አትጨርስም። [ቁልፎች ይነካካል።] አሁን ተመልከት፤ ሌላው የሠራው ኔትወርክ ምስሉን እያዘገየ ያመጣል። የኔ ግን በቅጽበት ነው! ዓይንህን ሳትጨፍን!

[ስክሪኑ ይበራል። ጀርባውን የሰጠ፣ አናቱ የተመለጠ ሰው ቆሟል።]

ሊቁ፦ መጣ! መጣልኝ! [በቆመበት ይዘላል።] ጥራቱን አየህ? እንደ መስታወት! [ያቆማል። ትንሽ ቆይቶ በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ይዘላል።] ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ምን አግኝቶ ነው የሚዘለው?

ቀስታ፦ ደስ ብሎት ነዋ። ምስሉ መጣለት።

ሊቁ፦ መድረኩን ጋረደው እኮ! ማነው ይሄ መላጣ?

ቀስታ፦ አንተ ነህ።

ሊቁ፦ እኔ? [የግንባሩን ጸጉር ይጎትታል።] ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?

ቀስታ፦ እሱ የፊቱ ነው።

ሊቁ፦ አይ አንተ! እንግዲህ በሳይንስ ላሳይህ። እጄን አውለብልቤያለሁ። ይኸው! እሱ አውለበለበ? አላውለበለበም። አበቃ! [እጁን ያወርዳል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው እጁን ያውለበልባል።] እየው! እየው ሲያሾፍብኝ!

ቀስታ፦ ዘግይቶ ነው እንጂ...

ሊቁ፦ የኔ ኔትወርክ አይዘገይም! ደግሞ ጃኬቱን ተመልከት፤ ቁርጥ የኔን። እኔ ላይ ያምራል፣ እሱ ላይ ግን ማድረቂያ ገመድ ላይ የተሰጣ ይመስላል። ለእንዲህ ያለው ሰው ማን ልጁን ይድርለታል?

ቀስታ፦ እስካሁን ማንም። አባባ ዛሬ ሊወስኑ ነው።

ሊቁ፦ ምን? ይሄም እህትህን ይፈልጋል?

ቀስታ፦ ሞቶላታል።

ሊቁ፦ አንተስ ወንድም ሆነህ ዝም ትላለህ?

ቀስታ፦ እኔማ እንቢ ብዬ ነበር። እሷ ናት የወደደችው።

ሊቁ፦ [ወንበር ይይዛል።] እሷ? እኔን ትታ? ይሄን ክብ አናት? እኔ ያለሷ አልኖርም እኮ፣ ቀስታ! ሂድ፣ ከዚያ አዳራሽ አስወጣልኝ!

[በሩ ይከፈታል። የቀስታ አባት ይገባሉ። ሊቁ ወደ በሩ ዞሮ፣ ጥርሱን በሙሉ እያሳየ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፤ ወዲያው ወደ ስክሪኑ ይመለሳል።]

አባት፦ ኧረ ምስሉ መጥቷል! ይሄ የቆመው ደግሞ ማነው?

ሊቁ፦ አባባ፣ ሥራ ፈት ነው! ልጅዎን እፈልጋለሁ ይላል አሉ። እንዲህ ያለው ሰው ደጅዎን እንዳይረግጥ አሁኑኑ ቃል ይግቡልኝ!

አባት፦ ይሄ ምን ቃል ያስፈልገዋል? አይረግጥም!

[በስክሪኑ ላይ መላጣው ሰው ይዞራል። ጥርሱን በሙሉ እያሳየ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል።]

ቀስታ፦ አባባ፣ ላስወጣው?

ሊቁ፦ [በሁለት እጁ አናቱን እየዳበሰ] ይሄ... ይሄ ነገር መቼ መጣ?

ቀስታ፦ ካሜራዋን እዚሁ ቁም ሳጥኑ ላይ ነው ያስቀመጥኳት። ልነግርህ ስል በቃ በቃ አልከኝ።

አባት፦ [ሳቅ እያፈናቸው] በል፣ ምስሉ ታይቷል፤ ስለ ልጄ እናወራለን። ግን መጀመሪያ እህትህን ጥራት። ከፊቱ ብቻ አይታው እንዳትታለል፣ ከኋላውም አይታ ትወስን።

ቀስታ፦ እሷማ ድሮ አይታዋለች፣ አባባ። ያላየው እሱ ብቻ ነው።