ከፔጆዋ ጋር በሽማግሌ የታረቀው ገቢሳ

በዘመነ ኩፖን፣ ቤንዚን እንደ ጠበል በጣሳ በሚታደልበት ዘመን፣ ገቢሳ በኦቦ ሆርዶፋ ጋራዥ ቁልፍ ከማቀበል ከፍ ብሎ በመፍታት መንበር ላይ በተቀመጠ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ የአምቦ ጭቃ ገና ሳይደርቅ ይህ ነገር ሆነ። ጀግናውም ሞዓ ብሎን ገቢሳ ዘእምነገደ ጋራዥ፣ በቅባ ቅዱስ ፋንታ በግሪስ የተቀባ፣ ስድስተኛ ክፍልን ደጋግሞ ከመውደዱ የተነሣ ሰባተኛን ያላየ ነው፤ ዜና መዋዕሉንም የሚጽፍለት ስላጣ ይኸው ራሱ ይጽፈዋል።

እርሱም የእጃጂዋን ወርቅቱን ወደደ፣ እሷም ወደደችው፤ አባቷ ኦቦ ዱጋሳ ግን እንዲህ የሚል አዋጅ ላኩ፦ «መካኒክ ነኝ ካለ ሽማግሌዎቹ ራሱ በሠራት መኪና እሁድ ይምጡልኝ! በአውቶቡስ ከመጡ ልጄን ሲለምነኝ ለከረመው ለባኮው አስተማሪ ሰጥቻለሁ!»

ገቢሳም የጌታውን የኦቦ ሆርዶፋን አሮጌ ፔጆ ሞተር አወረደ፣ ቴስታታዋን፣ የሞተሯን ጭንቅላት፣ ከፈተ፣ ፒስቶኗን ቀየረ፣ ቫልቮቿን አሸ፣ መልሶም ገጠመ፣ ደረቱንም ነፋ። እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ፣ ኦቦ ሆርዶፋ ከፊት፣ ኦቦ ረጋሳና አቶ ወሰኑ ከኋላ፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቡ። ቁልፉን አዞረ። እህ፣ እህ፣ እህ አለች፤ ዝም አለች።

ወእምዝ ካንዴላ ፈታ፣ እሳት አለ፤ የቤንዚኑን ቱቦ ነቀለ፣ ቤንዚን አለ፤ ባትሪ ከአውቶቡስ ሹፌር ለመነ፣ ባትሪውም ደከመ። ያን ጊዜ ለመግፋት ሠራዊት ተከተተ፦ ጋሪ ነጂው ቱፋ ከነፈረሱ፣ ሊስትሮዎች ከነሳጥናቸው፣ ከቅዳሴ የወጡ ነጠላ ለባሾች፣ ከጸሎት ቤት የወጡ መዘምራን፤ በሃይማኖት ያልተስማሙት ሁሉ በአንዲት ፔጆ ቂጥ ላይ ተስማሙ። እስከ ሁሉቃ ድልድይ ገፏት፤ አልተነሣችም። ጠላ ሻጯ ወይዘሮ አየለች ከደጃቸው ቆመው አወጁ፦ «የአምቦ ሕዝብ ስማ! ይሄ ልጅ ወርቅቱን ከእጃጂ እየገፋ ቢያመጣት ይቀለው ነበር!»

ፀሐይዋም ከፍ ብላ ነበርና፣ የባኮው አስተማሪ ከነክራቫቱ በገቢሳ ዓይን ላይ ዞረ።

ኦቦ ሆርዶፋም ከመኪናው ወርደው፣ ከዘራቸውን ተክለው አወጁ፦ «ይቺ አልተበላሸችም፣ ኮርፋለች! ያኮረፈ የሚመለሰው በጃርሳ፣ በሽማግሌ ነው፤ እኛ ጃርሶቹ ይኸው አለን። ገቢሳ! ድንጋይ ተሸከም፤ የበደልካትን አንድም ሳትደብቅ ዘርዝር፤ ዲፋማ፣ ይቅርታ በላት!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ጀግናው ግን ሌላ ብልሃት አልነበረውምና ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ፣ በፔጆዋ ፊት ተንበርክኮ ጮኸ፦ «እመቤቴ ሆይ! ጭንቅላትሽን ከፍቻለሁ፤ ዘይትሽን አፍስሻለሁ፤ በመዶሻም ነካ አድርጌሻለሁ፤ ካርቡራተርሽን ባወረድኩ ጊዜ ብሎን እንዳይገባብሽ ብዬ አየር በምትስቢበት ጉሮሮ አሮጌ ካልሲዬን ወትፌ…»

እዚህ ላይ ድንጋዩን ለቆ ራሱን ያዘ። ድንጋዩም ወደቀ፤ በገዛ እግሩ ላይ። ለካ ካልሲውን ሳያወጣ ነው ካርቡራተሩን መልሶ ያሰረው!

እያነከሰ ፈታ፣ ጎትቶም አወጣው፤ ፈረሱ ፊቱን አዞረ። ሠራዊቱ ዳግመኛ ቢገፋት ፔጆዋ ጥቁር ጭስ ተፍታ እንደ አንበሳ አገሣች። አቶ ወሰኑም አወጁ፦ «አፉ ብላለች!»

አግቢ ከሽማግሌ ጋር አይሄድምና ሦስቱ፣ ኦቦ ሆርዶፋ መሪውን ይዘው፣ በጉደር በጌዶ አድርገው ወደ እጃጂ ወጡ፤ እርሱ አምቦ ቀርቶ እግሩን በውሃ ነክሮ ተንቆራጠጠ። ማታ ሲመለሱ እንዲህ ነገሩት፦ ኦቦ ዱጋሳ «ለምን አረፈዳችሁ?» ቢሏቸው፣ ጃርሳ አይዋሽምና ካልሲውንም ድንጋዩንም ተናገሩ። ኦቦ ዱጋሳም እንባቸው እስኪፈስ ስቀው አወጁ፦ «መካኒክነቱ እንኳ ይቅር! ጥፋቱን በአደባባይ የሚናገር ባል ግን የት ይገኛል? ለብረት ድንጋይ የተሸከመ ለልጄማ ምን ይከብደዋል! ወስዷታል!»

እንግዲህ ብረትን በልመና ያስነሣ፣ አስተማሪን ያለ ትምህርት የረታ፣ የሦስት ሽማግሌዎች እፍረት፣ የወርቅቱ ባል ገቢሳ ይክበር ይመስገን! እርሱ ያነክስ፤ ስሙ ግን ሳያነክስ ከጊንጪ እስከ ባኮ ይሩጥ።