የሁለት ክንዱ በሽታ

ሰው በሚታይ ነገር ሲከራከር ቶሎ ይገላገላል። በሬው ቀይ ነው፣ የለም ቡላ ነው ቢባል፣ በሬው ተነድቶ ይመጣና ወሬው ያበቃል። በማይታይ ነገር ሲከራከርስ ማን ይገላግለዋል? እንዲያውም ነገሩ ባልታየ ቁጥር ድምፁ ይጎላል። ይህን የምላችሁ በወጣትነቴ፣ ወረታ አስተማሪ ሳለሁ፣ ሁለት ዐዋቂዎች በአንድ በማይታይ በሽታ ሲከራከሩ መካከላቸው ቁጭ ብዬ ስለሰማሁ ነው። ሁለቱንም አመንኋቸው። ግራ መጋባት ማለት ይኸው ነው።

ባለቤቴ ስንዱ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ስለተቃረበች፣ እንደ አገሩ ደንብ ቁሐር ሚካኤል እናት አባቷ ቤት ገብታለች። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ እየሄድሁ እዚያው አድራለሁ። ክረምቱን ውሃ የተኛበት ሜዳ ጠፍፎ፣ ጤፉ እየታጨደ፣ ሰዉ ሁሉ ለኅዳር ሚካኤል ይሰናዳል። አማቴ መሪጌታ አየለ ደግሞ የደብሩ ድምፅ ናቸው፤ የበዓሉ ማኅሌት ያለ እርሳቸው አይታሰብም። ታዲያ ይፋግ ለተዝካር ሄደው ሲመለሱ ሳል ይዘው መጡ፤ ውለው ሳያድሩ ትኩሳት ጣላቸው። በዚያ ሰሞን የገባው ጉንፋን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ከጎረቤት ሽማግሌ ቀብረናል።

ለእርሳቸውም፣ ይልቁንም ለስንዱ ደንግጬ ከወረታ ጓደኛዬን ታደለን ይዤ መጣሁ። ታደለ ድሬሰር ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ የተማረውንም ሳያስረዳ አይሄድም።

“መሪጌታ፣ ይህ በሽታ በነፋስ አይሄድም” አለ። “ያ የድሮ ሰው ወሬ ነው። የሚሄደው በምራቅ ጠብታ ነው። ጠብታ ደግሞ ከባድ ስለሆነ ሁለት ክንድ ሳይርቅ መሬት ይወድቃል።”

“ማን ለካው?” አሉ መሪጌታ ከመደባቸው ላይ።

ታደለ ውሃ አስመጣና ተጎነጨ። በዐይኑ ይቅርታ ጠይቆ፣ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ እፍ ብሎ ረጨው። ውሃው እውነትም ሁለት ክንድ ሳይሞላ መሬቱን አረጠበው።

“አዩ?”

መሪጌታ ጣታቸውን ወደ ግንባራቸው ሰደዱ። “አየሁ። ቅንድቤ ላይ ያረፈውስ ምንድን ነው?”

“እሱ ምንም አይደል፤ ርጥበት ነው።”

“ስማኝ ልጄ፣ በኅዳር በሽታ ጊዜ ልጅ ነበርሁ። ያን ሁሉ አገር ያነጠፈው ሁለት ሁለት ክንድ እየተራመደ ነው? በነፋስ ነው እንጂ! በሉ፣ በሩንም መስኮቱንም ዝጉልኝ!”

መስኮቱ ተዘጋ፤ ቀዳዳው ሁሉ በጭድ ተወተፈ። እኔ ወደ ታደለ ዞር ብዬ ይዘጋ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ “በነፋስ እስካልሄደ ድረስ ቢዘጋስ ምን ይጎዳል? ብርዱም ይቀንስላቸዋል” አለኝ። ልብ አድርጉልኝ፤ በአንዲት ነገር እንኳ ያልተስማሙ ሁለት ሰዎች መስኮቱን በመዝጋት ተስማሙ።

ከዚያ ታደለ በከሰል መሬቱ ላይ መስመር አሰመረና ማንም እንዳያልፈው አዘዘ። ጠያቂው ሁሉ ከመስመሩ ወዲህ ታጭቆ ተቀመጠ። አማቴ ወይዘሮ ዘነቡ በበኩላቸው የወይራ ቅጠል አምጥተው ያጨሱ ጀመር። ጭስ፣ ሳልና ክርክር አንድ ላይ ሲሆን ስንዱ ጋቢዋን አንሥታ ቆመች።

“አፈነኝ። አውድማው ዳር ካለው ዳስ እሄዳለሁ።”

ታላቅ ወንድሟ እህል ሲጠብቅ የሰነበተው እዚያ ነው፤ ግድግዳ የሌለው፣ ጣሪያው ብቻ ሣር የለበሰ ዳስ።

“ነፋስ ይመታሻል!” አሉ አባቷ። “ከነሆድሽ ብርድ ላይ?” አሉ እናቷ። “መስመሩን ካላለፍሽ እዚህም ደኅና ነሽ” አለ ታደለ። እኔም እጇን ይዤ ለመንኋት።

“እናንተ ታፈኑ” ብላ ወጣች።

በዓሉ ከመድረሱ በፊት የቤቱ ሰው በሙሉ ታሞ ወደቀ። ወይዘሮ ዘነቡ፣ እኔ፣ ጠያቂ ጎረቤቶች፣ በመጨረሻም ራሱ ታደለ። ስንዱን የሚጠብቅልን ወንድሟ ብቻ ሆነ። የሚካኤል ዕለት የከበሮው ድምፅ ከደብሩ ሲመጣ፣ መሪጌታ ከመደባቸው ቀና ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። እንባቸው ብቻ ወረደ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

እግዜር ይመስገን፣ ከቤቱ ማንም አልሞተም፤ የመሪጌታ ድምፅ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ስንዱና ወንድሟ አላስነጠሱም። ልጃችንም እዚያው ዳስ ውስጥ፣ በጎረቤት ሴቶች እጅ፣ በሰላም ተወለደች።

ሁላችን ስናገግም ስንዱ እንዴት ተረፈች ብለን ተቀመጥን። መሪጌታ በጎረነነው ድምፃቸው፣ “ከጣና የሚመጣው ንጹሕ ነፋስ ጠርጎላት ነው” አሉ።

“ነፋስ በሽታ ነው ብለው አልነበረም?” አልሁ።

“ነፋስና ነፋስ አንድ ነው?”

ታደለ ደግሞ፣ “ከሁለት ክንድ በላይ ርቃ ነው” አለ።

“እኛስ? ከመስመሩ መች አለፍን?”

“አንዳችሁ አልፋችሁ ይሆናል።”

“አንተስ?”

ታደለ ወደ ስንዱ ዞረ። ስንዱን ብንጠይቃት ልጇን እያጠባች፣ “ጭሱ ነው ያስወጣኝ፤ ምን ልመራመር?” አለችን።

ከዚያ በኋላ ታደለን ያየሁት ወረታ ገበያ ላይ ነው፤ ከስቶ፣ ሰው ሰብስቦ ያስተምራል። “ተራርቃችሁ ተነጋገሩ። እጃችሁን ታጠቡ።” ጥቂት አመነታ። “ደግሞ፣ በርና መስኮት ክፈቱ።”

“መክፈቱ ለምንድን ነው ጌታው?” አለ አንድ ገበሬ።

ታደለ ወደ እኔ አየ፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ።

“እሱን እኔም አላውቀውም” አለ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያይቶ ተበተነ። በዚያ ሰሞን እጁን የሚታጠበው በዛ፤ ተራርቆ የሚያወራውም አልጠፋም። መስኮት የከፈተ ግን አንድም አላየሁ። ታደለ ለምን እንደሆነ የማያውቀውን ነገር የነገረን ያን ቀን ብቻ ነበር፤ እሱንም የሰማው አልነበረም።