የሁለት ሰው መኪና

ዲላ ውስጥ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ብቸኝነት አያውቅም። ኮፈኑን ከፍታችሁ አንገታችሁን ስታስገቡ ብቻችሁን ነበራችሁ፤ ቀና ስትሉ ስድስት ሰው ከቧችኋል። ባጃጅ ነጂው «ካንዴላ ነው» ይላል፣ ሱቁን ጥሎ የመጣው «ባትሪ ነው» ይላል፣ መሪ ጨብጦ የማያውቀው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያውቃል።

እኔም ገዛሁ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ በአስተማሪ ደመወዝ የተገኘችው በዕድሜ የምትበልጠኝ ነጭ መኪና ናት። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖዋ ስለደከመ፣ አንዱ ኮፈኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ በመፍቻ መታ ሲያደርገው ሌላው በዚያችው ቅጽበት ቁልፉን ማዞር አለበት። ከቀደመ አትነሳም፤ ከዘገየም አትነሳም።

ይህን የምትችል አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ አብራኝ የምታስተምረው ምህረት። ከሥራ ስንወጣ እኔ እመታለሁ፣ እሷ ታዞራለች፤ እንዲህ እያልን ዓመት ሞላን። ይርጋጨፌ ያሉት አባቷ አቶ ጅግሶ ግን ጥብቅ ሰው ናቸውና ስለ እኔም ስለ መኪናዋም የነገራቸው የለም።

ሽማግሌ መላክ ግድ ሆነ። ጎረቤቴ ጋሽ በራሶ ሁለት ጓደኞቻቸውን ይዘው እሺ አሉኝ፤ መጓጓዣው ግን የእኔው መኪና ነው። ለራሱ ጋብቻ ሽማግሌ የሚያመላልስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ነውር ነው። ቢሆንም ያችን መኪና ከእኔ በቀር ማን ይነዳታል? ቁልቁለት ላይ አሳድሬ አስነሳኋትና፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ አውርጄ፣ ሹፌር መስዬ ይርጋጨፌ ሄድኩ።

እነሱ ገቡ፣ እኔ ነዳጅ እንዳያልቅ ሞተሩን አጥፍቼ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ሲወጡ አቶ ጅግሶ፣ «እንግዲህ ቤተሰብ እናማክር፤ ሁለት ሳምንት ስጡን» ሲሉ ሰማሁ። እንዲህ ተብለው የቀሩ ስንቶች ናቸው። ቁልፉን ባዞር ጸጥ።

ጋሽ በራሶ ቁልፉን ያዙ፣ እኔ መታሁ፤ ዘገዩ። በሁለተኛው ቀደሙ። በሦስተኛው ዝናብ መጥረጊያውን አስነሱ። አቶ ጅግሶ ራሳቸው ገብተው ሞከሩ፤ እምቢ አለች። እንዳንገፋት ደጁ ዳገት ነው፣ ያውም ጭቃ።

ይሄኔ ለሽምግልናው ቀድማ አባቷ ጋ የመጣችው ምህረት ከቤት ወጣች። ማንንም ሳታይ መሪው ጋ ተቀመጠች፣ ወንበሩን ወደፊት ሳበችና «በል» አለችኝ። መታሁ። አዞረች። ተነሳች።

አቶ ጅግሶ ልጃቸውን አዩ፣ ኮፍያዬን አዩ፣ መፍቻውን አዩ።

«ልጄ፣ ይህን በስንት ቀን ተማርሽው?»

«ዓመት ፈጀብኝ፣ አባ።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያዩ ጀመር። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። አቶ ጅግሶ ግን ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ መጣባቸው። «እኔ ሁለት ሳምንት ላማክር ስል፣ ለካ እናንተ ዓመት ሙሉ ተማክራችኋል። በሉ ሞተሩን አጥፉና ግቡ። ሹፌሩም ይግባ፤ ልጄን የሚወስድ ሰው ደጅ አይቆምም።»

«ግቡ» የሚለው ነፍሴን መለሰልኝ፤ «አጥፉ» የሚለው ግን አስደነገጠኝ። እኔ ሳመነታ ምህረት ቁልፉን አዞረችና ነቅላ ኪሷ ከተተችው። እስከ ዛሬም እሷ ጋ ነው።